ብርሃን በሸክላ ዕቃ
ስለ ዘይት መብራት ምሳሌነትና ስለ ሠሪው ክብር

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት በሥነ ፍጥረት ትምህርታቸው እንደሚያስረዱት፥ እግዚአብሔር በዕለተ እሑድ ከፈጠራቸው ስምንት ፍጥረታት ሰባቱን በአርምሞ አስገኝቶ ስምንተኛውን ብርሃንን ግን በነቢብ ፈጠረው። ብርሃንን በቃሉ ያስገኘ፥ ፀሐይንና ጨረቃንም በሰማይ ያኖረ አምላክ ከሰው እጅ የምትወጣ አንዲት ትንሽ መብራት አታስፈልገውም። ይሁን እንጂ ሙሴን በደብረ ሲና ባነጋገረው ጊዜ የእስራኤል ልጆች ተወቅጦ የጠራ የወይራ ዘይት እንዲያመጡ፥ መብራቱም በፊቱ ዘወትር እንዲበራ አዘዘ (ዘፀ. 27፥20፤ ዘሌ. 24፥2)።

እንግዲህ መብራት ለማያስፈልገው አምላክ መብራት ማብራት ስለ ምን ታዘዘ? ብለን ብንጠይቅ መልሱን ከመብራቱ ከራሱ እናገኘዋለን። መብራቱ የታዘዘው እግዚአብሔር እንዲያይበት ሳይሆን ሰው ራሱን እንዲያይበት ነው። ይልቁንም ከጭቃ በእጅ የተሠራችው የዘይት መብራት፥ ከምን እንደ ተፈጠርን፥ በምን እንደምንበራ፥ ስለ ምንም እንደምንጠፋ የምታስተምር ትንሽ መጽሐፍ ናት። በዚህ ጽሑፋችንም ስለ አሠራርዋና በአበው ዘንድ ስለ ነበራት አገልግሎት ጥቂት ተናግረን፥ ብርሃንዋን የሚያከብር ክርስቲያን የሠሪዋን እጅ ሊንቅ የማይገባው መሆኑን እናስረዳለን።

ስለ መብራቲቱ አሠራር

በምድረ ከነዓን ከጌታችን ልደት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አስቀድሞ የነበረው የሸክላ መብራት ጎድጓዳ ሳሕን የሚመስል ነበረ። ሠሪው ጭቃው ገና ሳይደርቅ የሳሕኑን ጠርዝ በጣቶቹ ቆንጥጦ አፍ ያበጅለታል፤ ክሩም በዚያ አፍ ላይ ይጋደማል። በጥንቱ ዘመን አራት አፍ ያላቸው ይሠሩ ነበረ፤ ኋላ ግን ባለ አንድ አፉ የተለመደ ሆነ። ነቢዩ ሳሙኤል በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ተኝቶ ሳለ፥ የእግዚአብሔር መብራት ገና ሳይጠፋ ስሙ በተጠራባት ሌሊት (1ኛ ሳሙ. 3፥3)፥ በእስራኤል ሰዎች ቤት ትበራ የነበረችው መብራት ይህችው በጣት የተቆነጠጠችው ሳሕን ነበረች።

ጌታችን በሥጋ በተገለጠበት ዘመን ደግሞ በኢየሩሳሌምና በአካባቢዋ ይሠራ የነበረው መብራት ከሰው መዳፍ የማይበልጥ ክብ ዕቃ ነው። ገላው በመንኮራኩር ይዞራል፤ አፉ ለብቻው በእጅ ተበጅቶ ይለጠፍበታል፤ መጋጠሚያውም በቢላዋ ተልጎ ይስተካከላል። ጌጥ የለውም ቢባል ይቻላል። የጭቃውን ጠባይ የመረመሩ የዘመናችን ሊቃውንት፥ በገሊላ በአይሁድ መንደሮች ከተገኙት ከእንዲህ ያሉት መብራቶች ብዙዎቹ በኢየሩሳሌም አካባቢ ጭቃ የተሠሩ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። በገሊላ የሸክላ ሠሪ እጥረት አልነበረም፤ ማሰሮውንና ገንቦውን ከዚያው ከአገራቸው ይገዙ ነበረ። መብራቱን ግን ከቅድስቲቱ ከተማ ያስመጡ ነበረ። የሰንበትን ማታ የሚያበሩበት ብርሃን መቅደሱ ካለበት አፈር እንዲወጣ መውደዳቸው ይመስላል። አንዲት ድሪም የጠፋችባት ሴት አብርታ ቤትዋን የጠረገችባት መብራት (ሉቃ. 15፥8)፥ ዐሥሩ ደናግልም ሙሽራውን ለመቀበል ይዘዋት ስለ ወጡት መብራት ጌታ ሲያስተምር (ማቴ. 25፥1-13)፥ የሚሰሙት ሰዎች ስለ እንግዳ ነገር አልሰሙም። በየቤታቸው መስኮት ላይ ስላለች ነገር ሰሙ እንጂ።

በአገራችንም የሸክላ ሥራ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ ነው። ሠሪዋ አፈሩን ከታወቀ ስፍራ ቈፍራ ታመጣለች፤ ጠጠሩን ለቅማ፥ ወቅጣና ነፍታ በውሃ ትለውሰዋለች፤ እንዳይሰነጠቅም አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ትጨምርበታለች። ከዚያ በኋላ ያለ መንኮራኩር በእጅዋ እያዞረች ታንጸዋለች፤ በለሰለሰ ድንጋይም አሽታ ታለዝበዋለች። በጥላ አድርቃ በእንጨት፥ በኩበትና በገለባ እሳት ትተኩሰዋለች። ምጣዱ፥ ጀበናው፥ ማሰሮውና ጋኑ ሁሉ ከዚህ ድካም የሚገኝ ነው።

ሰውና መብራት

ይህን አሠራር በማስተዋል የተመለከተ ሰው የራሱን አፈጣጠር ያይበታል። አበው እንዳስተማሩን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከነፋስና ከእሳት የተገኘ ነው። መብራቲቱም ያለ አራቱ አትሠራም፤ መሬት ገላዋ ነው፤ ውሃ ያዋሕደዋል፤ ነፋስ ያደርቀዋል፤ እሳት ያጸናዋል። እግዚአብሔርም አዳምን ከምድር አፈር ስላበጀው (ዘፍ. 2፥7) የመጀመሪያው ሸክላ ሠሪ እርሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት እንዲወርድ የታዘዘው፥ በእጁ የተበላሸውን ጭቃ ሳይጥል መልሶ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው አይቶ የእግዚአብሔርን ትዕግሥት እንዲማር ነው (ኤር. 18፥1-6)።

ከአሠራሩም ሦስት ነገር እንማራለን።

አንደኛ፥ ጭቃው በጥላ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ቶሎ ይድረቅ ተብሎ በፀሐይ ቢሰጣ ይሰነጠቃል። በትምህርትና በጾም ቀስ በቀስ ሳይጸና ለሹመት የሚቸኩል ሰውም እንዲሁ ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስ አዲስ አማኝ በኤጲስ ቆጶስነት እንዳይሾም ያዘዘው በትዕቢት ተነፍቶ እንዳይወድቅ ነው (1ኛ ጢሞ. 3፥6)።

ሁለተኛ፥ ያልተተኮሰ ሸክላ መልኩ ከተተኮሰው ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። የተተኮሰው ቢሰበር እንኳ ገል ይሆናል እንጂ ጭቃ አይሆንም። መከራ ያልጐበኘው ሃይማኖትና በመከራ የጸና ሃይማኖት እንደዚህ ይለያያሉ።

ሦስተኛ፥ አዲስ የሸክላ ዕቃ ሳይሟሽ ለሥራ አይበቃም። እናቶቻችን አዲሱን ምጣድ በጎመን ዘር ደጋግመው ሳያሟሹ እንጀራ አይጋግሩበትም። የሸክላ መብራትም በመጀመሪያ የፈሰሰበትን ዘይት ራሱ ይጠጣዋል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ዘይቱን ይዞ ለሌላው ያበራል። መምህርም ቃለ እግዚአብሔርን ለሌላው ከማፍሰሱ አስቀድሞ ራሱ ሊጠጣው ይገባል። ሳይሟሽ የሚያስተምር ሰው ትምህርቱ በአፉ ብቻ ይቀራል።

ስለ ክሩም አንድ ነገር እንጨምር። ክር በዘይት ተነክሮ ሲበራ የሚቃጠለው ዘይቱ ነው፤ ክሩ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ዘይቱ ሲያልቅ ግን ክሩ ራሱ መቃጠል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ብርሃኑ ቀንሶ ጢሱ ይበዛል። ያለ ጸሎት የሚያገለግል ካህንም ሆነ ምእመን በራሱ ጕልበት ስለሚቃጠል፥ ድካሙና ምሬቱ እንደ ጢስ ለሌላው ይተርፋል። በደብተራ ኦሪት ከነበረችው የወርቅ መቅረዝ ጋር መኮስተሪያና የኵስታሪ ማኖሪያ ከወርቅ እንዲሠራ መታዘዙ (ዘፀ. 25፥38)፥ የሚበራ ሁሉ ጥቀርሻ እንደሚኖረው ስለሚያሳይ ነው። ለእኛ መኮስተሪያው ንስሓ ነው። መኮስተር ማለት ግን ማጥፋት ማለት አይደለም። ስለ ጌታችን የተነገረው ትንቢት የሚጤሰውን ክር የማያጠፋ መሆኑን ስለሚመሰክር (ኢሳ. 42፥3)፥ የንስሓ አባትም ደካማውን ልጁን ይኰስትረዋል እንጂ አያጠፋውም።

በአበው ዘመን

ክርስትና በግልጥ መሰበክ ከጀመረበት ከ4ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በኢየሩሳሌም አካባቢ ሸክላ ሠሪዎች በቅርጽ እየጨቈኑ ረዘም ያሉ መብራቶችን ይሠሩ ነበረ። ከእነዚህ በብዙዎቹ ላይ የክርስቶስ ብርሃን ለሁሉ የሚያበራ መሆኑን የሚመሰክር ቃል በጽርእ ፊደል ተቀርጾ ይገኛል። ፊደሉ አንዳንድ ጊዜ የተዘባረቀ ነው፤ ሠሪው መጻፍን በደንብ የተማረ ሰው እንዳልነበረ ያስታውቃል። ነገር ግን ሊቃውንት በጉባኤ የመሰከሩትን ሃይማኖት እርሱ በጭቃ ላይ መሰከረ።

በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከምዕራብ አገር ወደ ኢየሩሳሌም የሄደች ኤጌርያ የተባለች ተሳላሚ የሠርኩን ጸሎት አይታ ጽፋለች። በአሥር ሰዓት ሕዝቡ በትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ መብራቶቹ ሁሉ ይበሩ ነበረ። እሳቱ ግን ከውጭ አይመጣም፤ ጌታ ከተቀበረበት ዋሻ ውስጥ ሌሊትና ቀን ከማትጠፋው መብራት ይወሰድ ነበረ። ይህ ሥርዐት ታላቅ ትምህርት አለው። ለምእመናን ሁሉ የተዳረሰው ብርሃን የወጣው ከመቃብር ነው፤ ሞት የጨለማ ቤት አድርጎት የነበረው ስፍራ የብርሃን ምንጭ ሆነ።

በግብፅም ከእስክንድርያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለው በቅዱስ ሚናስ ገዳም፥ በ5ኛውና በ6ኛው መቶ ዓመት ይጐርፉ የነበሩት ተሳላሚዎች ቅዱሱ በሁለት ግመሎች መካከል ቆሞ የተቀረጸባቸውን ትናንሽ የሸክላ ዕቃዎች ይዘው ይመለሱ ነበረ። በእነዚህም ዘይትና ጸበል ለበረከት ወደ አገራቸው ይወስዱባቸው ነበረ። ኅዳር 15 ቀን የምናከብረው ይህ ሰማዕት በረከቱ ባሕር ተሻግሮ የሄደው በወርቅ ዕቃ ሳይሆን በጭቃ ዕቃ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን

አገራችን የወይራ ዘይት የሚጨመቅባት አገር ስላልሆነች፥ በቤተ መቅደሳችን ብርሃን በአብዛኛው የሚሰጠው ከንብ ሰምና ከጥጥ ፈትል የሚሠራው ጧፍ ነው። ሆኖም የዘይት መብራት ምሥጢር ከእኛ ዘንድ አልራቀም። በውዳሴ ማርያም በእሑዱ ምዕራፍ እመቤታችን እውነተኛውን ብርሃን የተሸከመች የወርቅ ተቅዋም ተብላ ትመሰገናለች። ከዚህም በላይ ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ በዚህችው መብራት ስም ምሥጢረ ቀንዲል ተብሎ ይጠራል። ቀንዲል የሚለው ቃል ከሮማይስጥ ተነሥቶ በጽርእና በዐረብ ቋንቋ በኩል ወደ እኛ የደረሰ ሲሆን ትርጓሜው መብራት ማለት ነው።

ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በተቀበልነው በመጽሐፈ ቀንዲል ሥርዐት መሠረት፥ ለታመመው ሰው የሚጸለይበት ዘይት በዕቃ ሆኖ ሰባት ክር ይደረግበታል። ካህናቱም በየተራቸው አንዳንዱን ክር እያበሩ ጸሎቱን፥ መልእክቱንና ወንጌሉን ያደርሳሉ፤ ሰባተኛውም ሲፈጸም በሽተኛው ይቀባል። ይህም ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች እንዲጠራ፥ እነርሱም በጌታ ስም ዘይት ቀብተው እንዲጸልዩለት ባዘዘው መሠረት ነው (ያዕ. 5፥14-15)።

እዚህ ላይ ምእመናን አንድ ነገር እንድታስተውሉ እንወዳለን። ያው አንዱ ዘይት በክሩ በኩል ያበራል፤ በካህኑም እጅ ይፈውሳል። ብርሃንና መድኃኒት ከአንድ ዕቃ ይቀዳሉ። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ማብራት ከማዳን የተለየ ሥራ አይደለም። ጧፍ አብርቶ የቆመ ክርስቲያን ቁስለኛውን ጐረቤቱን አልፎት ከሄደ፥ የያዘው ከዘይቱ ግማሹን ብቻ ነው። ይህን ምሥጢር የሞት ምልክት አድርገው የሚፈሩ፥ ካህናትንም በሽተኛው አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ ብቻ የሚጠሩ ብዙዎች ናቸው። ቀንዲል ግን ለሚድንም ለሚያርፍም የተሰጠ የምሕረት በር ስለ ሆነ፥ በሽተኛው መናዘዝና አሜን ማለት በሚችልበት ጊዜ ሊጠሩ ይገባል።

ዘይቱን የሚሸጡት እነማን ናቸው?

በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ ሁሉም መብራት ነበራቸው፤ ሁሉም ደናግል ነበሩ፤ ሁሉም ሙሽራውን ይጠብቁ ነበረ፤ ሁሉም አንቀላፉ። የተለያዩት በዘይቱ ብቻ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ይህን ሲተረጕም፥ ዘይቱ ለድኆች የሚደረገው ርኅራኄና ምጽዋት መሆኑን፥ የዘይቱ ሻጮችም እነዚሁ ድኆች መሆናቸውን አስተምሯል። ድንግልናን የሚያህል ታላቅ ገድል የፈጸሙት አምስቱ፥ ያነሰውን ምጽዋትን በማጣት ከበር ውጭ ቀሩ።

እንግዲህ የዘይቱ ሻጮች በደጃችን ካሉ፥ ከእነርሱ ጋር ያለን ግንኙነት እንዴት ነው? ይህን ጥያቄ ወደ ራሱ ወደ መብራቱ ሠሪ መልሰን ብንጠይቅ መልሱ ያስጨንቃል። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪው ከሸክላው ያነሰ ሆኖ ኖሯል። በጀበናው ቡና እየተፈላ፥ በምጣዱ እንጀራ እየተጋገረ፥ በጋኑም ለማኅበርና ለተዝካር ጠላ እየተጠመቀ፥ ሠሪዋ ግን ቡዳ ተብላ ትፈራለች፤ በማዕድ ትገለላለች፤ ልጆችዋም በጋብቻ ይለያሉ። በጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃ ይህን ሙያ አክብረው የኖሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች፥ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው አስቀድሞ በዚሁ ስም ይሰደቡ ነበረ። በሌላም የአገራችን ክፍል የሚኖሩ፥ በአንዲት ጥምቀት ከእኛ ጋር የተጠመቁ ሸክላ ሠሪዎች ይኸው ነውር ደርሶባቸዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሙያው መስደብን ከልክለዋል። ከዐዋጁ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ነውሩ ግን በአንዳንድ ስፍራ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም።

ይህ የባላገር ልማድ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሃይማኖት ነገር ነው። ከአንድ መንበር አንዱን ሥጋና አንዱን ደም የተቀበሉ ሁለት ሰዎች፥ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በአንድ ገበታ አብረው ለመብላት ቢጠያየፉ የተቀበሉትን ምሥጢር በአደባባይ ይክዱታል። ጌታችን የጸራቢ ልጅ ከመባል አልፎ ራሱም ጸራቢ ተብሏል (ማር. 6፥3)፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሠርቶ ይበላ ነበረ (የሐዋ. 18፥3)። ስለ ሸክላ ሠሪ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ተጽፎልናል። ይሁዳ የጌታን የደም ዋጋ መልሶ በጣለ ጊዜ፥ የካህናት አለቆች በዚያ ብር የእንግዶች መቃብር እንዲሆን የሸክላ ሠሪን መሬት ገዙበት (ማቴ. 27፥3-10)። እነርሱ በክፋት ቢያደርጉትም ምሥጢሩ አልጠፋም፤ ዘመድና አገር የሌላቸው ማረፊያ ያገኙበት ስፍራ የሸክላ ሠሪ መሬት ነበረ፤ የተገዛውም በጌታ የደም ዋጋ ነው። እንግዲህ በዚህ ዋጋ ማረፊያ ያገኘ እንግዳ ሁሉ፥ ያውም እኛ ነን፥ ሸክላ ሠሪን ከማዕዱ ሊያርቅ እንዴት ይችላል?

ምክር

አባቶች ካህናት ሆይ፥ ይህን ነገር በዐውደ ምሕረት ብቻ ሳይሆን በንስሓ ልጆቻችሁ ቤት አስተምሩ። የጋብቻ ምክር ሲጠይቋችሁ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ጠባያቸው መርምሩ፤ ሙያን ግን እንደ ነውር የሚቈጥረውን ሰው ገሥጹት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በክርስትና አባትና እናት እንዳይቸገር እናንተ ፈልጉለት። በበዓል ቀን ቤቷ ገብታችሁ ጸበል ብትረጩ፥ ከማዕድዋም ብትቈርሱ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ምእመናንም ሆይ፥ ዛሬ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የኤሌክትሪክ መብራት ገብቷል፤ ይህም ለማንበብና ለመቀደስ የሚጠቅም ስጦታ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አምፑል ቤቱን ያበራል እንጂ የእናንተን መባ አይተካም። ጧፉና ዘይቱ ከቤታችሁ ወጥቶ በእግዚአብሔር ፊት ሲያልቅ ከእናንተ አንዳች ነገር ያልቃል፤ መሥዋዕትም የሚባለው ስለዚህ ነው። ስትሰጡም ከተረፈው ሳይሆን ከጠራው ስጡ፤ በኦሪቱ የታዘዘው ጥሩው ዘይት ነበረና። በቤታችሁ በሥዕለ አድኅኖ ፊት መብራት የምታበሩም፥ ክሩን በጊዜው ኰስትሩ፤ ሥዕሉ በጥቀርሻ እንዳይጠቍር ተጠንቀቁ፤ ሳትጸልዩም አብርታችሁ አትሂዱ። መብራቱ ከጸሎቱ ጋር እንዲቆም እንጂ በጸሎቱ ፈንታ እንዲቆም አልተሠራም። ለመብራት ያወጣችሁትን ያህልም ለአንድ ድኃ አውጡ፤ ዘይቱ የሚገዛው ከዚያ ነውና።

ሐዋርያው ያን የከበረ መዝገብ በሸክላ ዕቃ እንደ ተሸከምነው የተናገረው፥ ኃይሉ የእግዚአብሔር እንጂ ከእኛ እንዳልሆነ እንዲታወቅ ነው (2ኛ ቆሮ. 4፥7)። የጌዴዎን ሠራዊት ችቦዎቻቸውን በባዶ ማሰሮ ሰውረው በሌሊት በከበቡ ጊዜ፥ ብርሃኑ በጠላት ላይ የታየው ማሰሮዎቹ ሲሰበሩ ነበረ (መሳ. 7፥16-20)። የእኛም ሸክላ አንድ ቀን ይሰበራል፤ ሀብታሙም ድኃውም፥ ሸክላ ሠሪዋም ሸክላ ገዢዋም ወደ አንድ አፈር ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ከውስጡ ብርሃን እንዲወጣ፥ ዘይቱን ዛሬ ገበያው ሳይበተን፥ ሻጮቹም ከደጃችን ሳይርቁ እንግዛ።

ብርሃንን በነቢብ የፈጠረ፥ አዳምንም ከመሬት ያበጀ አምላክ መብራታችን ሳይጠፋ ከሙሽራው ጋር ወደ ሰርጉ ለመግባት ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።